ትንፋሽ ያጠራት ዲኤክስ

ከአዳማ ወደ ሞጆ ስትወጡ፣ ከተማዋን እንደለቀቃችሁ የሚቀበላችሁን ዳገት ታውቁታላችሁ? በአዲስ መኪና ከሆነ ዳገት መሆኑን እንኳ ላታስተውሉት ትችላላችሁ። በእኔ መኪና ግን እያንዳንዷን መቶ ሜትር ትቆጥሯታላችሁ። አራተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ከኋላ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የመጣ ተሳቢ ጥሩምባውን ይነፋል። አጠገቤ የተቀመጠችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ በመስኮት የሚያያት ሰው እንዳይኖር ወንበሩ ላይ ዝቅ ትላለች።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሁላችንም «ዲኤክስ» የምንላት፣ ባለ ካርቡራተሯ፣ 1.3 ሊትር ሞተር ያላት። የአባቴ ነበረች። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ መካኒክ አልነበረም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኗን ከፍቶ ግማሽ ቀን ሲጎነበስ አስታውሳለሁ። እሱ ካረፈ በኋላ ቁልፉ ለእኔ ደረሰ፤ ቅዳሜው ግን አልደረሰኝም። ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ ትራንዚተር ነኝ። ጠዋት ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ፤ ቤንዚን እሞላለሁ፤ ዘይት ሲደርስ አስቀይራለሁ፤ በዓመት አንዴ ቦሎ አሳድሳለሁ። ይኸው ነበር እንክብካቤዬ።

ጉልበቷ እየቀነሰ ሲመጣ እንደ ሁላችሁም ሰው ጠየቅሁ። ምክር ደግሞ በአገራችን በነፃ ነው። አንዱ «ፊልትሮውን አውጣላት፣ ትተንፍስ» አለኝ። አወጣሁላት። ሌላው «ማርሚታዋን ቁረጠው፣ ጭሱ ቶሎ ይውጣ» አለኝ። አስቆረጥሁት። አንድ ጋራዥ ደግሞ «አዳማ ሞቃት አገር ነው፣ ቴርሞስታት ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ነቅሎ ጣለው። የመጀመሪያው ሳምንት እውነትም የበረታች መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው የበረታው ድምፅዋ ነበር። ጆሮዬ የሰማውን እግሬ ያመነው ይመስለኛል።

ያመለጠን ቀጠሮ

እናቴ አስም አለባት። አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ዘንድ ለመቅረብ አራት ወር ጠበቅን። ቀኑ ሲደርስ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሳን። ፈጣን መንገዱ ላይ ብትቆምብኝ ብዬ ስለፈራሁ በአሮጌው መንገድ ወጣሁ። ዳገቱን እየተንተባተበች ወጣችው። ሞጆ ገባን። ወደ ደረቅ ወደቡ መታጠፊያ ስንቀርብ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ቆመች።

ያ አካባቢ ሌሊትም አይተኛም። ተሳቢ መኪኖች ወረፋ ይይዛሉ፤ ናፍታው ይጨሳል፤ አቧራው ይነሳል። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። በየቀኑ የምሠራበት ቦታ ነው፤ ያን ሌሊት ግን አቧራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መሰለኝ። ወገግ ሲል አንድ የከባድ መኪና ሾፌር የሚያውቃቸውን ሽማግሌ መካኒክ ጠርቶልኝ መጡ። ኮፈኑን ከፈቱ፤ ዝም ብለው አዩ።

«ፊልትሮው የታለ ልጄ?»

«እንድትተንፍስ ብዬ አወጣሁት፣ ጋሼ።»

ከካንዴላዎቹ አንዱን ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ይቺ መኪና ጉልበት አላነሳትም። ትንፋሽ ነው ያጠራት። የካርቡራተሯን የአየር ቀዳዳዎች አቧራ ደፍኗቸዋል፤ አየር ሲያንሳት ቤንዚን ትጠጣለች» አሉኝ።

እናቴ ከኋላ ሆና ሰምታ ኖሮ «እንግዲያውስ እኔና እሷ የሚያስፈልገን አንድ ሐኪም ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አባትህ እኮ ስታጉረመርም ይሰማት ነበር» አለችኝ።

መኪናዋ ስትነሳ ረፍዶ ነበር፤ ቀጠሮው አልፏል። ሌላ ሦስት ወር ጠብቁ ተባልን።

ከባሕር ወደ ተራራ

ሽማግሌው የነገሩኝን በኋላ ላይ ሳነብና ስጠይቅ ይበልጥ ገባኝ። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ በአየርም ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ወደ ደረቅ ወደባችን የሚመጡት ኮንቴይነሮች ጉዟቸውን የሚጀምሩት ጅቡቲ፣ ከባሕር ጠለል ላይ ነው። አዳማና ሞጆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በእኛ ከፍታ አንድ ተራ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው አየር አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ አራተኛ ገደማ። ከባድ መኪኖቹ አየር የሚገፋላቸው ቱርቦ አላቸው። የእኔ ዲኤክስ የላትም። አዲስ መኪና ኮምፒውተሩ አየሩን መዝኖ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ካርቡራተር ግን አየሩ ሳሳ አልሳሳ ቤንዚኑን በተለመደው መጠን ይለቃል።

ስለዚህ አሮጌ መኪና በደጋ አገር ሲጀመርም ትንፋሽ ይጎድለዋል። እኛ ደግሞ አቧራ ጨምረንበት፣ ያረጀ ካንዴላ ጨምረንበት፣ «ጉልበት አነሰው» እንላለን። ከተራራው ጋር መታገል አይቻልም። ሌላውን ግን መመለስ ይቻላል፤ አብዛኛውም በቤት ግቢ የሚሆን ነው።

ስድስት እሑዶች

ባለቤቴ ቀነ ገደብ ሰጠችኝ፤ «ከእማዬ ቀጠሮ በፊት ካልተስተካከለች ትሸጣለች» አለች። ትክክል ነበረች። የሠራሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ለሌሎች ባለ ካርቡራተር መኪኖችም ይሆናል።

መጀመሪያ ደብተር ገዛሁ። አትሳቁ። ቤንዚን እስከ አፉ ሞላሁ፤ ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩ፤ ሳምንቱን ነድቼ ድጋሚ እስከ አፉ ሞላሁና አካፈልኩ። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ነበር። ልጄን የደብተሩ ኃላፊ አደረግኋት። ሕጋችን አንድ ነበር፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን፤ ለውጡን እንጽፋለን። ሦስት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደጠቀመ፣ የቱ እንደጎዳ በጭራሽ አታውቁም። እኔ ቀድሞ የሠራሁት ስሕተት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊልትሮውን መለስኩ። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ከቤንዚኑ ወጪ ጋር ስታስተያዩት ርካሽ ነው። በእኛ አካባቢ አቧራ ግን መመሪያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር አትጠብቁ፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ አወጣዋለሁ፤ በቀስታ አራግፌ፣ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ እነፋበታለሁ። በውኃ አይታጠብም። ወደ መብራት ይዛችሁት ብርሃን ካላሳለፈ ጊዜው አልፏል። ካርቡራተሩን ደግሞ ሽማግሌው መካኒክ አውርደው አጠቡልኝ።

ሦስተኛ፣ ካንዴላዎቹ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አንድ በአንድ ፈትቼ በተራ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው፤ ሐኪም «ምላስህን አውጣ» እንደሚለው ማለት ነው። ጫፉ ቡና መሳይ ቀለም ካለው ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። እጅግ ከነጣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ዘይት ካረጠበው ደግሞ ጉዳዩ የቤት ሥራ አይደለም፤ መካኒክ ጥሩ። አዲሶቹን ከመግጠሜ በፊት የጫፋቸውን ክፍተት በመመሪያው መሠረት ለካሁ።

አራተኛው እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ የሳቀበት ነው። አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁና ከመግጠሜ በፊት በአሮጌ ድስት ውኃ ውስጥ በሽቦ አንጠልጥዬ ምድጃ ላይ ጣድኩት። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ውኃውን ዘግቶ የሚያቆይ፣ ሲሞቅ የሚከፍት በር ነው። የእኔ ዓይነቱ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ አዳማ ላይ ውኃ የሚፈላው ደግሞ 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃው ከመንተክተኩ በፊት ካልተከፈተ ዕቃው ብልሹ ነው። የእኛ ተከፈተ፤ ልጄ አጨበጨበች። «ሞቃት አገር አያስፈልግም» የሚለው ምክር ብዙ ሞተር ጎድቷል። ሞተር በሚገባ ሳይሞቅ ሲሠራ ቤንዚን ያባክናል፤ ዘይቱ ይበላሻል፤ ብረቱ ቶሎ ያልቃል። ሙቀት ካስቸገራችሁ የራዲያተሩን ክዳን፣ ቱቦውንና ቺንጊያውን እዩ። ክዳኑ ግፊት ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ጎማው ከደረቀ ቀይሩት። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ፈጽሞ አትክፈቱት።

አምስተኛው እውነተኛ «ማሻሻያ» የምለው ብቸኛው ሥራ ነው። የፊልትሮው ቤት አየር የሚስበው ከኮፈኑ ውስጥ፣ ከሞተሩ ሙቀት ላይ ነው። የሞቀ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ሞተሩ ከሚስበው አየር ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይጎድላል። አንድ ክንድ ተኩል ሙቀት የሚችል ተጣጣፊ ቱቦ ገዝቼ ከፊልትሮው አፍ ጀምሬ ከፊት መብራቱ ኋላ ቀዝቃዛ አየር ወዳለበት ወሰድኩትና በማሰሪያ አጠበቅሁት። ሦስት ነገር ጠብቁ፤ ቱቦው ቺንጊያና ማራገቢያ እንዳይነካ፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ እንዳያልፍ፣ አፉም ዝቅ ብሎ የክረምት ውኃ እንዳይስብ። ፊልትሮው ደግሞ በቦታው ይቆያል፤ ቱቦው የእሱ ምትክ አይደለም።

ስድስተኛው ነፃ ነው። ሜዳ ላይ ማርሽ አውጥቼ መኪናዋን በእጄ ገፋሁ፤ አልሄድ አለች። የኋላ ፍሬኗ ይዞ ኖሯል። ፍሬን የእናንተና የልጆቻችሁ ሕይወት ስለሆነ እሱን በመካኒክ አስለቀቅሁ። ጎማዎቹን በልኩ አስነፋሁ። ከኋላ ሻንጣው ለዓመታት ይዣቸው የዞርኩትን ሁለት ጀሪካን፣ የተሰበረ ክሪክና የአባቴን የመጻሕፍት ካርቶን አወረድኩ። ማርሚታውንም አስበየድኩት፤ ጎረቤት አመሰገነኝ።

ለባለሙያ የተውኩትም አለ። ታይሚንግ፣ የቫልቮች ክፍተትና ቤንዚን የምትመጥነውን ትንሿን የናስ ቀዳዳ ለከፍታችን በሚስማማ መጠን መቀየር ሽማግሌው ሠሩልኝ። በግምት የሚነካካ ነገር አይደለም። አንድ ደግሞ ልለምናችሁ፤ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ የሚገድለው ጭስ ሽታ የለውም። ልጆች ደብተር ይያዙ እንጂ ሞተር ሲሠራ ከማራገቢያው ይራቁ።

ሦስተኛ ማርሽ

የእናቴ ቀጠሮ ደረሰ። ሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሳን፤ በዚያው አሮጌ መንገድ። ተአምር እንድነግራችሁ አትጠብቁ፤ ዳገቱን በአራተኛ አልወጣችውም። በሦስተኛ ግን ሳትንተባተብ፣ ሳትጨስ ወጣች። ሞጆ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እናቴን በመስተዋት አየኋት፤ ተኝታለች። አልቀሰቀስኳትም። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ነበርን። ደብተሩ አሁን በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ጽሑፉ የልጄ ነው።

ዛሬ ደረቅ ወደቡ ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተደርድረው አያለሁ፤ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ያምራሉ፤ ድምፅ የላቸውም። አንድ ቀን እንገዛ ይሆናል። እስከዚያው ግን በየቤታችን ያሉት አሮጌዎቹ እናቶቻችንን ሐኪም ቤት፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ማድረሳቸውን ይቀጥላሉ። አሮጌ መኪና ካላችሁ ጉልበት የሚጨምር ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ምን እንደጎደላት ጠይቋት። በዚህ እሑድ ፊልትሮዋን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ከዚያ ጀምሩ።

እኔም ቅዳሜዬን አግኝቻለሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ስጎነበስ እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ታየኛለች። ባለፈው ሳምንት ሞተሩን አስነስቼ ቆሜ ስሰማ «ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ነኝ ትላለች፣ እማዬ» አልኳት።