በባልባላ ሰሌዳ ፊት

የጅቡቲ ከተማ ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደቧን ያስባል፤ እኛ ግን ከናጋድ የባቡር ጣቢያ እንደ ወረድን፣ የሙቀቱን ነገር እንተወውና፣ በባልባላ የሚገኘውን ዩኒቨርሲቲ ለማየት ሄድን። ቀድሞ ከፍተኛ ትምህርት የሚሻ የአገሩ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. አንድ ትንሽ የትምህርት ማዕከል ተቋቋመ፤ በ2006 ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የክርክሩ ቀን፣ የወደብ ሥራ ልምምዱ፣ የውጭ አገር ትምህርት ዕድሉ ሁሉ በፈረንሳይኛ ተለጥፏል። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቀረችንን ቃል እየለቀምን ስናነብ፣ አባቷ ከድሬዳዋ የመጡ አንዲት ተማሪ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ የዕድሉ ማመልከቻ ትናንት ተዘጋ፤ እኔም ያየሁት ዛሬ ነው» አለችን። ይህን ብላም ከላይኛው ወረቀት ጀምራ እንደ ገና ማንበብ ያዘች።