ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር?

ዳምቦያ ወረዳ ውስጥ ቤታቸው ስለሚወልዱ እናቶች ያጠናሁትን ለአንድ የሕክምና ጆርናል ልኬ፣ ከወራት በኋላ ከገምጋሚው አሥራ አንድ አስተያየት መጣልኝ። አራተኛው «ቦታው የት እንደሆነ ግልጽ ይደረግ» ይላል። ግልጽ አድርጌ ነበር እኮ! ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ ጽፌያለሁ። በእርግጥ እኔ አልለካሁትም፤ ከእኔ በፊት ከጻፈ ሰው ገለበጥኩት፤ እሱም ከሌላ ሳይገለብጥ አልቀረም። ሆሳዕና እንኳ በአንዱ ጥናት 230፣ በሌላው 232 ኪሎ ሜትር ናት። ሁለቷ ኪሎ ሜትር የት ገባች ያለ ገምጋሚ ግን አልገጠመኝም።

ይህች የኪሎ ሜትር ዓረፍተ ነገር ከየት መጣች? እኔን የደብዳቤ አድራሻ ትመስለኛለች። በ1665 ሄንሪ ኦልደንበርግ ለንደን ላይ የሳይንስ መጽሔት ማተም ሲጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ጆርናል ሌላ አይቀበልም) አንዱ ትልቅ ስንቁ ከየአገሩ የሚደርሰው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤ ደግሞ «ከወዴት ነህ?» መባሉ አይቀርም።

ከ1962 ጀምሮ እኛም «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ወንዝ ዳር ሄዱ። ሴቶቹ በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከእነሱ በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ቀንድ አውጣዋ ቢልሃርዚያን የምታሸጋግረው ናት። በዓመቱ ስለ እንዶድ የጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፍ በዚሁ ጆርናል ወጣ። የዐድዋን አድራሻ ለአውሮፓ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ያውቁታል። እንዲያም ሆኖ ውጭ ያሉ ተቋማት እዚህ የተሠራውን ማስረጃ አምኖ ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው። «አማራጭ ኖቤል» የሚባለው ሽልማት ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የተሰጠው በ1989 ነው፤ ከዚያ ወንዝ 25 ዓመት በኋላ።

ወደ ገምጋሚዬ ስመለስ፣ እኔ ካርታ ጨመርኩ። ኢትዮጵያ ነጭ፣ ክልሉ ግራጫ፣ ዳምቦያ ቀይ። ታተመልኝ።

ቅጂውን ይዤ አገር ቤት ስገባ አክስቴ ጓሮ እንሰት ትፍቃለች። እጇን ጠራርጋ ወረቀቱን ተቀበለችና ቀዩዋን ነጥብ በጣቷ ነካች።

«ይቺ እኛ ነን?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ከጎኗ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ከአዲስ አበባ ምን ያህል እንደምትርቅ።»

«አዲስ አበባስ ከእኛ ምን ያህል ትርቃለች?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለህ ብትጽፈው ምን ነበረበት?» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ጠርዙ ላይ የእንሰት ውኃ ነክቶታል። ገምጋሚው አሥራ ሁለተኛ አስተያየት ቢኖረው ይኸው ነበር።