የእጅ ሰዓትዎን አይንኩት

ኑ፣ ጠጋ ይበሉ፤ አቦሉ ሳይቀዘቅዝ። ብራዚል ሊሄዱ ነው አሉ? መንገዱስ አይከብድም። ከአዳማ በፈጣኑ መንገድ ቦሌ፣ ከቦሌ ደግሞ አየር መንገዳችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ይበራል።

ሌላው ተጓዥ እንደደረሰ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ እርስዎ ግን የእጅ ሰዓትዎን አይንኩት። ሳኦ ፓውሎ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጁ የሚለየው በዚያው በስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ አዳማ 6 ሰዓት ሲሆን የእነሱም ሰዓት 6 ይላል። ነገር ግን የእኛ 6 ምሳ ነው፣ የእነሱ 6 ገና ንጋት። ቤተሰብ ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ቡና አቅርቦ «ደህና ገባህ?» ብሎ ከደወለ፣ እርስዎን ከሞቀ እንቅልፍ ነው የሚያስነሳዎት። ማታ 1 ሰዓት ይደውሉ ይበሏቸው፤ ያኔ እርስዎ ዘንድ የምሳ ሰዓት ነው።

ምግቡም እንደ ሰዓቱ ነው፤ መልኩን አይመኑ። ቦሎቄ ለስምጥ ሸለቆ ሰው እንግዳ አይደለም። «ፌይዦአዳ» የሚሉት የጥቁር ቦሎቄ ወጣቸው ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ውስጡ ግን የአሳማ ሥጋ ነው። የሳኦ ፓውሎ ምግብ ቤቶች በልማድ የሚያቀርቡት ደግሞ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ ረቡዕን! ሙስሊምም ሆኑ ክርስቲያን፣ ሳይጠይቁ አይጉረሱ።

ልብስ ሲይዙም እንዲሁ። የእነሱ ብርድ ሰኔና ሐምሌ ነው፤ የአዳማን ሙቀት የለመደ ገላ ሹራብ ይፈልጋል። ጥር ላይ ግን በጋቸው ነው፤ ዝናብ ያለበት በጋ።

ቪዛውን አስቀድመው ይጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው ይውሰዱ፤ ቢጫ ካርዱን ደግሞ አይጣሉ፣ ሲመለሱ ቦሌም ይጠየቃል።

ቡናቸው? በቡና ምርት ከዓለም አንደኛ ናቸው፣ በስኳርም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው «ካፌዚኞ» ይሉታል፤ በትንሽ ሲኒ፣ ብዙ ጊዜ ጣፋጭ። ስኳሩ ለወንጂ ጎረቤት አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ችኮላው ነው፤ ባንኮኒ ላይ ቆመው ጨልጠውት ይሄዳሉ። ቶና የለ፣ በረካ የለ።

በሉ እንግዲህ፣ በረካውን ሳይጠጡ አይነሱ። እዚያ ሦስተኛ የሚቀዳልዎት የለም።