አገራችን በምን ትታወቃለች?

 

በዚህ ወር የምናወጋችሁ መካኒሳ በሚገኘው ቤታችን ስለተነሣ አንድ የቤት ሥራ ነው። እኛ በሙያችን መምህር ነን። ቀን ጠመኔ፣ ማታ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃችን አይለይም። ታዲያ የሰውን ልጅ ደብተር ስናርም ኖረን፣ የገዛ ቤታችን ልጅ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ መልስ አጣንላት።

ልጅቱ የእህታችን ልጅ ናት። ጂዳ ተወልዳ፣ እዚያው ዐሥር ዓመት ኖራ፣ ከእናቷ ጋር ወደ አገር ቤት ከገባች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ዐረብኛዋ የጂዳ ልጅ ዐረብኛ ነው፤ አማርኛዋ ግን እስካሁን ይወላገዳል፣ ጽሕፈቷማ ጭራሽ። መምህሯ «አገራችን በምን ትታወቃለች? በአንድ ገጽ ጻፉ» ብለው ለክፍሉ በሙሉ የቤት ሥራ ሰጥተዋል። እሷም ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደብተሯን ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ አገራችን በምንድን ነው የምትታወቀው?» አለችን።

እኛም ክፍል ውስጥ እንደለመደብን ሳናስብ ቆጠርንላት። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የአክሱም ሐውልት፣ የጎንደር ግንብ፣ ዋልያ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ እንጀራ በዶሮ ወጥ፣ ቡና። እሷም አንድ በአንድ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «ጂዳ ግን እንዲህ አይሉም» አለች።

«ምን ይላሉ?»

«ሠራተኛ ይላሉ። ሐበሻ ማለት የቤት ሠራተኛ ነው ይላሉ።»

እናቷ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥብ ነበር። የሳህኑ ድምፅ ቀጥ አለ። እህታችን ልጅነቷን ጨርሳ ሳትጨርስ ባሕር ተሻግራ፣ በሰው ቤት ዕቃ አጥባ፣ የሰው ልጅ አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በተከታዩ ዓመት መባቻ ከመቶ ሺሕ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ እሷ ችላ ቀርታ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በምትልከው ገንዘብ ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል፤ እኛም ኮሌጅ ጨርሰናል። ወጥ ቤት ሆና የልጇን ቃል ሰማች፤ ቃል ሳትተነፍስ ግን ዕቃዋን ማጠቧን ቀጠለች።

የልጅ ወሬ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ያላለፍነው ጥያቄው የኛም የቆየ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

በኛ ዕድሜ የምትገኙ አንባቢያን ታስታውሱታላችሁ። ከፈጅር ሶላት በኋላ ኡስታዛችን ዘንድ እንቀራለን፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ዩኒፎርማችንን ለብሰን ትምህርት ቤት እንሰለፋለን። ደብተራችን ሁለት ነበር። ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፈው ደብተራችን ውስጥ «ሐበሻ» የምትባል አገር ነበረች። ንጉሧ ነጃሺ ይባላል፤ የተገፉትን ተቀብሎ ያስጠለለ፣ ፍትሑ የተመሰከረለት ንጉሥ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በሚጻፈው ደብተራችን ውስጥ ደግሞ ሐውልት የሚያቆም፣ የወርቅ ሳንቲም የሚያስቀርጽ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሚነግድ የአክሱም መንግሥት ነበረ። ሁለቱ አንድ አገር መሆናቸውን ማንም አልነገረንም። ኡስታዛችን ስለ ሐውልቱ አያነሡም፤ የታሪክ መምህራችንም ስለ ነጃሺ አያነሡም። ሱብሓነላህ! የነጃሺ መንግሥት ያው የአክሱም መንግሥት መሆኑ ወለል ብሎ የታየን ለመምህርነት ስንሠለጥን ነው። ያን ቀን መጽሐፉን ዘግተን ብዙ ተቀመጥን። ደስታና ቁጭት አንድ ላይ ሲመጡ ለካ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ለልጅቱ የቆጠርንላት ዝርዝር የግማሹን ደብተር ብቻ ነበር። እኛው ራሳችን፣ መድረሳም ትምህርት ቤትም የተማርነው ሰዎች፣ ሁለተኛውን ደብተር ሳንገልጠው ቀረን። ማንን እንወቅሳለን?

ላሊበላን ከዝርዝሩ አውጡ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡበትን ጥበብ የሚያናንቅ ዓይን የለውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የኛ ነበሩ። የሐረር ጁገል የተመዘገበው ግን ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2006 ነው። ሰማንያ ሁለት መስጊድና መቶ ሁለት የአውሊያ ቦታ በአንድ ግንብ ውስጥ የያዘች ከተማ ናት። ከመስጊዶቹ ሦስቱ የዐሥረኛው መቶ ዓመት ናቸው። ከሚጎበኟት እንግዶች ብዙዎቹ ከግንቡ ይልቅ በሌሊት ሥጋ የሚጎርሱትን ጅቦች ፎቶ አንስተው መመለሳቸው የሐረር ዕጣ ነው፤ አንድ ቦታ የሚታወቅበትን ነገር ሁልጊዜ ራሱ አይመርጠውም።

የኛንም ሰፈር ተመልከቱ። መካኒሳ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ ብሳና የምንለው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ሰፈራችንን ለእንግዳ ስናስረዳ ስንቱ ሰው «አረቄ ፋብሪካው ያለበት!» ብሎናል! ስለ ዛፉ የጠየቀን አንድ ሰው አናስታውስም።

ነጋሽን ያነሣን እንደሆነም እንዲሁ ነው። ትግራይ ውስጥ ከውቅሮ ከተማ አቅራቢያ ያለው የነጃሺ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ተጎዳ፤ ብዙ ወገኖቻችን ስሙን በዜና የሰሙት ያኔ ነው። ባሌ ውስጥ የዌይብ ወንዝ አለት ሰርስሮ የሠራው የሶፍ ዑመር ዋሻና የድሬ ሼኽ ሑሴን ቦታም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገራችን ለዩኔስኮ ባቀረበችው የዕጩዎች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ ብንዘከዝክላት ምን ይጠቅማታል? ልጅ በዝርዝር አይጽናናም። እኛም ከመምህርነት ልማዳችን የተነሣ ዝርዝር እንወዳለን እንጂ መልሱ ከኛ አልመጣም። የመጣው በማግሥቱ፣ ከጎረቤታችን ቤት ነው።

ጎረቤታችን ልጆች ሁሉ «እማማ» የሚሏቸው ክርስቲያን እናት ናቸው። ጉርብትናችን ከወላጆቻችን ዘመን ይጀምራል። ዶሮ ወጥን የአገር ምግብ ነው ስንል አንድ የማይነገር ነገር አለ፤ በአገራችን ሥጋ ይለያየናል። እሳቸው የኛን እርድ አይበሉም፤ እኛም የእሳቸውን አንበላም። ግን ለዚህም መላ አላጣንለትም። በፋሲካ ዶሮዋን ከነሕይወቷ ይዘውልን ይመጣሉ፤ እኛው አርደን፣ በኛው ድስት ሠርተን እንበላለን። በረመዳን ደግሞ የምስር ሳንቡሳ እንልክላቸዋለን፤ ሥጋ የለበትምና ጾምም ቢሆን አያስቸግራቸውም። ይህ ሳንቡሳ በየትኛውም የቱሪስት ወረቀት ላይ የለም።

ቡና ግን አይለያየንም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቡናው ጭስ አጥሩን ዘሎ መጣ፤ «ቡና ጠጡ!» የሚለው ጥሪም ተከተለ። እኛ፣ እህታችንና ልጅቱ ሄድን። ልጅቱ የምታውቀው ቡና በሄል የተፈላውን፣ ብጫውን የዐረብ ቡና ነው፤ የኛን ጥቁሩን ፊቷን አጨፍግጋ ነው የምታየው። አቦሉ ተቀዳ፣ ቶናው ተቀዳ። እህታችን ሥራ አለብኝ ብላ ልትነሣ ስትል እማማ እጇን ያዟትና፣ «በረካውን ሳትጠጪማ አትሄጂም!» አሏት።

ልጅቱ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እማማ በረካ አሉ! ዐረብኛ እኮ ነው!»

«የምን ዐረብኛ ነው ልጄ፣ አማርኛ ነው እንጂ» አሉ እማማ እየሣቁ።

«አይ እማማ፣ በረካ የኛ ነው። አቦልም አወል ነው፣ አንደኛ። ቶና... ሣኒ! ሁለተኛ!» በጣቷ እየቆጠረች ትስቃለች። እኛ ዐረብኛውንም አማርኛውንም ተምረናል ባዮች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቡና ስንጠጣ፣ የሦስቱን ዙር ስሞች አንድ ቀን እንኳ ቆጥረናቸው አናውቅም። ስለ አቦልና ቶና የቋንቋ ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ በረካ ግን ማስረጃ አያሻውም።

ታሪኩንም ነገርናት፤ በዚህስ አላፈርንም። ቡናው ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን፣ ከከፋ ምድር የበቀለ ነው። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የየመን ሱፊዮች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ይጠጡት ነበር። ከዚያ ወደ መካ ዘለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1511 ኻኢር ቤይ የተባለ የመካ ሹም ከልክሎት፣ ብዙም ሳይቆይ ከካይሮ በመጣ ትእዛዝ ክልከላው ላላ። የየመኑ ወደብ ሞኻ ስሙን ለዓለም ቡና አዋሰ፤ የዕፀዋት ሊቁ ሊኔየስም በ1753 «አራቢካ» ብሎ፣ የዐረብ ብሎ ሰየመው። ቡናው የኛ፣ ስሙ የእነሱ ሆኖ ቀረ። እነሱ ደግሞ በረካውን ሰጡን። ማን ከማን እንደተበደረ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ አንድ ቃል ትዝ አለን። ኢማሙ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ ውስጥ ኡሙ ኻሊድ የምትባል ሕፃን አለች። ወላጆቿ ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ነበሩ። የመጀመሪያው ስደት እ.ኤ.አ. በ615 ነው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ከሱረቱ መርየም ያነበቡትም በዚሁ የስደት ዘመን ነው። ኡሙ ኻሊድ እዚሁ በአገራችን አድጋ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ወደ መዲና ገባች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ትንሽ ልብስ በእጃቸው አለበሷትና ጥለቱን እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰና» አሏት፤ ቆንጆ ነው ማለታቸው ነበር። በግእዝ «ሠናይ» የምንለው ነው። ከሰው አገር የመጣችን ልጅ በምታውቀው ቋንቋ አናገሯት።

ይህን ስንናገር እህታችን ስኒዋን እንደያዘች ቀረች። ልጅቱ ምንም አላለችም፤ «ሰና፣ ሠናይ» እያለች ለራሷ ትደጋግም ነበር። እማማ፣ «እኛም እኮ ቅዳሴ ላይ ሠናይ እንላለን» አሉና ከሰሉን ቆሰቆሱ።

እሑድ ማታ ገጹ ተጽፎ አለቀ። ላሊበላና አክሱም አሉ። ሐረር ገብታለች፣ ነጃሺ ገብቷል። ቡናው ሦስት መስመር ከእነ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይዟል። አበበ ቢቂላ እንዴት እንደቀረ አናውቅም። በመጨረሻው መስመር ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ አገራችን በሰው አገር በሠራተኝነት በሚያገለግሉ እናቶችም ትታወቃለች።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣን። መምህሯ ምን ይላሉ? የክፍሉ ልጆች ቢስቁባትስ? ለእናቷስ ክብር ነው? እህታችን እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ በትከሻችን ላይ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ላጥፋው እንዴ?» አልናት።

«ተወው» አለች። «ውሸት ነው እንዴ? ዐሥራ ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

እስክሪብቶውን ከደንነው።

ደብተሩ በሳምንቱ ታርሞ ተመለሰ። ከዐሥር ዘጠኝ። አንድ ነጥብ የተቀነሰባት በዚያው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ «ሠራተኝነት»ን በእሳቱ ሰ ጽፋው ኖሯል። መምህሯ ከላዩ ላይ ንጉሡን ሠ በቀይ አስገብተዋል። ልጅቱም ደብተሩን ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሠናይም በዚህችኛዋ ናት አይደል?» አለችን።

አዎ፣ በዚህችኛዋ ናት አልናት።