የሚጠብቅ መድኃኒት

«ነርቭን የሚጠብቅ አዲስ መድኃኒት አለ ይላሉ፤ ተነስ እንሂድ» አለችኝ ባለቤቴ። እኔ ግን መሄድ አልፈለግሁም።

ጓያ የሰበረኝ በ13 ዓመቴ ነው። ተፍኪን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፤ ክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፣ ውኃው ሲሸሽ መረሬው ላይ ጓያ ይዘራል። ጤፉ እምቢ ባለበት ዓመት ጠዋትም ማታም የጓያ ንፍሮ፣ ከብት ጥበቃ ላይ ደግሞ እሸቱን ስንበላ ከረምን። አንድ ቀን ከሜዳ ስመለስ ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ ወዲህ የምሄደው በምርኩዝ ነው። በ16 ዓመት ትዳራችን ባለቤቴ ስለ እግሬ ያልጸለየችበት ቀን ስለሌለ፣ እሺ አልኳት።

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳን። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜትን ስለሚመስል፣ እግርን የሚያዙትን የነርቭ ሴሎች ያለ ዕረፍት እየቀሰቀሰ ይገድላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ለሌላ የነርቭ በሽታ የተፈቀደው ሪሉዞል ይህን የግሉታሜት ጫና ይቀንሳል።

«ግን እኅቴ፣ እንዲህ ያለው መድኃኒት በሕይወት ያለውን ሴል ለመጠበቅ ነው። የሞተውን አያስነሳም» አላት።

ከዚያ ስለ ወሎ አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደላንታና ዳውንት ውስጥ ብዙ ሰው በጓያ ሲሰበር፣ ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ የሰዉን አመጋገብ አጥንተው ነበር። ቆልተው፣ ቀቅለው ወይም በእሸቱ የበሉት ይበልጥ ተጎድተዋል፤ ከእህል ጋር ቀላቅለው፣ በቅመም ወጥ ሠርተው የበሉት ግን ጉዳታቸው ያነሰ ነበር። ሜቲዮኒንና ሲስቲን የተባሉት የፕሮቲን ክፍሎች በጓያ ውስጥ ጥቂት፣ በእህል ውስጥ ግን የተሻሉ ናቸው። ቤተ ሙከራ ውስጥም እነርሱ ሲጎድሉ ኦዳፕ የነርቭ ሴሎችን ይበልጥ ይጎዳል።

ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሰበታ አልተነጋገርንም። «ብዬሽ ነበር» ልላት ቃጣኝና ተውኩት።

ያን ዕለት ማታ የልጃችንን ሱሪ ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ የጓያ ቆሎ ተበተነ። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ጓያ ከቤታችን አልቀረም፤ የማሳችን ፍሬ ነው። ግን በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ውኃው ይደፋል፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደውም ከስንዴ ጋር ነው። እናቴ «የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው» እያለች ድስቱ ሲከፈት አሁንም ትሸሻለች፤ አስረድተን አልሆነልንም። ልጁ ግን ማታ ማታ ሳይጠየቅ ኪሱን ለእናቱ ይገለብጣል። አንዳንዴ ሽምብራ፣ አንዳንዴ ብይ ይወጣል።