«አንድ»ስ?

ሰው መቶ ብር ሲበደር «መቶ ብር አበድረኝ» ይላል እንጂ «አንድ መቶ ብር አበድረኝ» አይልም። እንዲያ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወይ ባንክ ቤት የሠራ ነው፣ ወይ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በ1996 ዓ.ም.፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቴ፣ ቁጥርን ወደ ቃል የሚለውጥ ፕሮግራም ስጽፍ የተከተልኩትም ይህንኑ የሰፈር አማርኛ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ መርካቶ የሚገኝ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ የግል ድርጅት ነው። ስሙ ይቆየን። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የክፍያ ማዘዣ የሚጻፈው በእጅ፣ በካርቦን፣ በሦስት ቅጂ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ኮምፒዩተርና እንደ ወፍጮ የሚጮህ ፕሪንተር ገዙና «ከእንግዲህ በእጅ የሚጻፍ ነገር የለም» አሉ። እኔም ተቀጠርኩ።

ከሥራው ሁሉ ቀላል የመሰለኝ ቁጥሩን ማተም ነበር። ማተም ምን አለው? ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ 150 የሚባል ነገር የለም። ያለው 10010110 ነው፤ የበራና የጠፋ አምፖል ሰልፍ ብትሉት ያስኬዳል። ይህ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ እንዲሆን ማሽኑ ቁጥሩን ለአስር ያካፍላል፤ ቀሪው 0 ነው። የቀረውን 15 እንደገና ለአስር ያካፍላል፤ ቀሪው 5። አንዴ ይደግመዋል፤ 1። አኀዞቹ የወጡት ከኋላ ወደ ፊት ስለሆነ ይገለብጣቸዋል። ከዚያ በእያንዳንዳቸው ላይ 48 ይደምራል፤ ምክንያቱም በማሽኑ የፊደል ገበታ ላይ «0» የምትባለው ምልክት መለያዋ 48 ነው፣ «1» 49፣ «2» 50፣ እያለ ይሄዳል። ፕሮግራም ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ አያየውም። አንዲት ትእዛዝ ጽፎ ያልፋል።

እኔ የጻፍኳት የቪዥዋል ቤዚክ ትእዛዝ «ስትር» ትባላለች። ጠባይ አላት። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን የመቀነስ ምልክት ታስቀድማለች፤ ከዜሮ በላይ ሲሆን ደግሞ ለምልክቱ የያዘችውን ቦታ ባዶውን ትተወዋለች። ስለዚህ 150 ሲታተም ከፊቱ አንዲት ክፍት ቦታ ትኖራለች። ይህ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ምን ቸገረኝ?

ቀጥሎ በፊደል መጻፉ መጣ። አማርኛ እዚህ ላይ ደግ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ለአሥራዎቹ ቁጥሮች ልዩ ልዩ ስም ያወጣል፤ ፈረንሳይኛ ሰማንያን «አራት ሃያ» ይላል። የእኛ ግን ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ አስር፣ ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉት ስምንቱ፣ ከዚያ መቶ፣ ሺህ፣ ሚሊዮን ነው። ሃያ አንድ ቃል! በሃያ አንድ ቃል የመርካቶን ገንዘብ ሁሉ መጥራት ይቻላል። ጠባዩን የሚለውጠው አስር ብቻ ነው፤ ሌላ ሲከተለው «አስራ» ይሆናል። ፕሮግራሙን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ቃላቱ እንዳይጣበቁ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት አንድ ክፍት ቦታ አስገባሁ፤ ከመጀመሪያውም ቃል በፊት ጭምር። የሺህ ነጠላ ሰረዝም አላስቀመጥኩም፤ 1,150 ከማለት 1150 ማለት ያጥራል።

ሳንቲሙ ነው ትንሽ ያስቸገረኝ። ማሽኑ ክፍልፋይን የሚይዘው በሁለት ብዜት ስለሆነ 0.29ን በትክክል መያዝ አይችልም፤ በ100 ሲያባዛው 28.999999999999996 ያወጣል። እኔ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቆርጬ እጥል ስለነበር ሃያ ዘጠኝ ሳንቲም ሃያ ስምንት እየሆነ ይታተም ነበር። ይህቺን አንዲት ሳንቲም ያገኙት ገንዘብ ያዧ ናቸው።

እትዬ እንላቸዋለን። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይውላል፤ የብር መቁጠሪያ እርጥብ ስፖንጃቸውን ማንም አይነካባቸውም። የመጀመሪያውን ማዘዣ አትሜ ስወስድላቸው መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ‹አንድ›ስ?» አሉኝ።

«የቱ አንድ?»

«‹መቶ ሃምሳ ብር› ነው የሚለው። ‹አንድ መቶ ሃምሳ› ነው መባል ያለበት።»

«ማን እንዲያ ይላል እትዬ? ታክሲ ውስጥ ‹የአንድ መቶ ብር ዝርዝር አለህ?› የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ?»

አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «የታክሲ ሌላ፣ የሰነድ ሌላ» አሉ። ከዚያም ቅጹ ላይ «በፊደል» ከሚለው የታተመ ቃል እስከ እኔ ጽሑፍ ድረስ ያለውን ነጭ ቦታ በጣታቸው ለክተው «ይኸስ ለማን ነው የተተወው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። አላስተካከልኩም። ሳንቲሙን ግን አስተካክያለሁ፤ እሱ ስሕተት ነበራ! ይኼኛው ግን የአሮጊት ነገር መሰለኝ። ለካ እሳቸው የሚያወሩት ሕግ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ ስለ ቼክ የተደረገው ስምምነት፣ በፊደልና በአኀዝ የተጻፈው ገንዘብ ሲለያይ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው ይላል፤ የ1952ቱ የንግድ ሕጋችንም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ቃል የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም። አኀዝ በቀላሉ ስለሚነካካ ቃል ዘበኛ ሆኖ ይቆማል። እኔ ዘበኛውን በሩን ከፍቼ አቆምኩት።

ግንቦት ላይ ሒሳብ ሲዘጋ ካዝናው አንድ ሺህ ብር ጎደለ። የጎደለበት ማዘዣ ሳይውል ሳያድር ተገኘ፤ ሞጆ ለሄደ ሾፌር የተከፈለ የውሎ አበል ነው። ኮምፒዩተሩ 150 ይላል። እትዬ እጅ ያለው፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን በአኀዝ «1150»፣ በፊደል «ሺህ መቶ ሃምሳ ብር» ይላል። አንድ ሰው ከተፈረመ በኋላ ወረቀቱን መልሶ ፕሪንተሩ ውስጥ ከትቶ በባዶዎቹ ቦታዎች ላይ አንድ አኀዝና አንድ ባለ ሁለት ፊደል ቃል አትሟል። ቀለሙ ያው፣ ፊደሉ ያው። ፕሮግራሜ «አንድ» ማለትን ቢያውቅ ኖሮ «ሺህ» ብቻዋን ስትቆም ዓይን ትወጋ ነበር፤ ነጠላ ሰረዝ ባስቀምጥ ኖሮ 1150 ያለ ሰረዝ ያስነቃ ነበር። በእኔ ቤት ግን ሁሉም ወረቀት እንዲያ ስለሆነ እንግዳ ነገር አልነበረውም። ገንዘቡን በሾፌሩ ስም የተቀበለው ተላላኪ ከሥራ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠሩን። እኔ የተጠራሁት ባለሙያ ተብዬ ነው።

«ሲስተሙ ስንት ይላል?»

«መቶ ሃምሳ።»

«ኮምፒዩተሩ ሊሳሳት ይችላል?»

«አይችልም» አልኩ።

ሁለቱም መልስ እውነት ነው። ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጨመርኩም። ጉሮሮዬ ላይ የደረሰው ነገር ግን ነበር፤ ያ ባዶ ቦታ የእኔ ነው፣ እትዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል የሚል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። እትዬ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። «ነግሬው ነበር» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ገንዘብ ያዥ ለጎደለው ተጠያቂ ነው ተባለና በየወሩ መቶ መቶ ብር፣ ለአሥር ወር እንዲቆረጥባቸው ተወሰነ።

ያን ዕለት ማታ ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ባዶውን ቦታ በኮከብ ምልክት ሞላሁት፤ ከመቶና ከሺህ በፊት «አንድ» አስገባሁ፤ ከመጨረሻው «ብቻ» ጨመርኩ። እናም ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ ከእትዬ ደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ደረሰኝ ከዚያ ከሚጮህ ፕሪንተር ሲወጣ «*አንድ መቶ ብር ብቻ*» ይል ነበር። አንድም ጊዜ ሳይሳሳት፣ አሥሩንም ወር።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ለአንድ የቀን መቁጠሪያ የግዕዝ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍ ተባልኩ። ያ 48 መደመር እዚህ አይሠራም። የግዕዝ ቁጥር ምልክቶች ሃያ ናቸው፤ ዜሮ የላቸውም። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ገበታ ውስጥ ሲገባ ፩ መለያዋ 4969፣ የመጨረሻዋ ፼ ደግሞ 4988 ሆነ። አሠራሩ ያምራል። ቁጥሩን ከኋላ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኀዝ እያደረጉ ይከፍሉታል፤ በመካከሉ ፻ና ፼ን እያፈራረቁ ይሰኩበታል። 1996 በዚህ ሒሳብ 19 እና 96 ይሆናል፤ ፲፱፻፺፮። አፋችንም የሚለው ይህንኑ ነው፦ አስራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት። የድረ ገጽ መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ለግዕዝ ቁጥር የደነገገውን ሥርዓት እየተከተልኩ ሳለ አንድ አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከ፻ በፊት ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ ይጣል ይላል። ፩፻ አይባልም፤ ፻ ብቻ ነው። ለምዕራፍና ለዓመተ ምሕረት ይህ ምንም አይደለም፤ ምዕራፍ ማን ይሰርቃል? እኔ ግን የሚጥለውን መስመር ጽፌ እንደ ጨረስኩ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት እትዬን ፈልጌ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው ኮልፌ ነው ያሉት። ቡና አፈሉልኝ። በሁለተኛው ስኒ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በፖስታ የያዝኩትንም አንድ ሺህ ብር ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩ። አላስተባበሉም፣ አላለቀሱም። «ያኔ ቢሆን በግ ገዝቼበት ይተርፈኝ ነበር» አሉና ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ እንትፍ ብለው ቆጠሩት። ሁለት ጊዜ።

ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ደብተርና እስክሪብቶ አስመጡ። ከቀዩ የኅዳግ መስመር ጋር አጣብቀው «አንድ ሺህ ብር ብቻ» ብለው ጻፉ፤ ከ«ብቻ» ጀምሮ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ በእስክሪብቶው መስመር ሳቡበት፤ ፈረሙና ገንጥለው ሰጡኝ።