ፉከራ የማያውቅ መኪና

በነገር ሁሉ ከሚበልጥ ጋር አብሮ መኖር ከባድ ነው። ቨርጂኒያ ቤቴ ደጃፍ የቆመው የኤሌክትሪክ መኪና ባለ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የሸጥኩት ማዝዳ ሚያታ 116 ነበረው። መብራት አረንጓዴ ሲሆን አሮጌው የመጀመሪያ ማርሹን ሳይጨርስ አዲሱ መስቀለኛውን ተሻግሮ ይሄዳል። ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን አይበላም። ሌሊት ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ያድርና ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ ከሐበሻ ሱቅ ስትመለስ ሁለት ከረጢት ጤፍ፣ በርበሬውንና ሽንኩርቱን ጭናበት ገና ቦታ ይተርፋታል። ሚያታው ላይ ጤፉ ከገባ ሽንኩርቱ ጋቢና ነበር የሚሳፈረው፤ እሷ ደግሞ ቤት ትቀራለች።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ለሰውም እመሰክራለሁ። ታዲያ ቀይ መብራት ላይ አንዱ አሮጌ የስፖርት መኪና አጠገቤ ቆሞ ሞተሩን ሲያስጓራ፣ በጥር ብርድ መስኮቴን ዝቅ የማደርገው ምን ሆኜ ነው?

ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ነገር እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ባደግሁበት አዲስ አበባ የሞተር ድምፅ የሕመም ምልክት ነበር። የላዳ ታክሲ ሹፌር እንግዳ ድምፅ ከሰማ መጀመሪያ ሬዲዮውን ይቀንሳል፣ ቀጥሎ አንገቱን ያዘነብላል፣ ከዚያ ዳር ይዞ ኮፈኑን ይከፍታል፤ ተሳፋሪውም ሒሳቡን ስለመመለስ ማሰብ ይጀምራል። ሰፈራችን ውስጥ ማርሚታው የተቀደደ ቮልስ ዋገን ነበር። ባለቤቱ ገና አስፋልቱን ሳይለቅ መምጣቱን ሰፈሩ ያውቃል፤ ነገር ግን «እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ያለ ሰው አልሰማሁም። «ምነው ቢያስበይደው» ነበር የሚባለው። ጫጫታ የድህነት ማስረጃ ነበር።

የተለከፍኩት ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ነው። ያን ጊዜ ፓርኪንግ ማለት የሐበሻ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪው፣ ጋዜጠኛው፣ ዲያቆኑ፣ መኮንኑ፣ ሁሉም ቁልፍ እየተቀበለ ቲኬት ይቆርጣል። ጠዋት ጠበቆቹ ፖርሻቸውን፣ ኮርቬታቸውን፣ አንዳንዴም ፌራሪያቸውን ያስረክቡናል። እኛም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሊበር የተሠራውን መኪና በሰው እርምጃ ሦስት ፎቅ ቁልቁል እናወርደዋለን። በስፖርት መኪና ያሳለፍኩት ዘመን አብዛኛው በአንደኛ ማርሽ ነው ብል አላጋነንኩም። ግን ያ ኮንክሪት! ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ድምፁ መውጫ አጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይነሣል። መኪናው የእኔ አይደለም፣ ከአሥር ደቂቃ በፊትም አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ግን ማን አስነሣው? እኔ።

አብረውን የሚሠሩ አንድ የቀድሞ ታንከኛ ነበሩ። በኦጋዴኑ ጦርነት ቲ-55 ነድተዋል። ኮርቬቱ ሲነሣ የያዙትን ትተው ይቆሙና፣

«ስማው እስቲ አንተ ልጅ፤ ይሄ እኮ እየፎከረ ነው» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ የሚሄደው እኮ እስከ ምድር ቤት ሦስት ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እና? ፎካሪ ሁሉ ይዘምታል ያለህ ማነው?»

ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም የስፖርት መኪና ድምፅ በእሳቸው ጆሮ ነው የምሰማው። ነገሩን በመካኒክ ዓይን ሲያዩትም እሳቸው ልክ ነበሩ። ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየሩ ነዶ ፒስተኑን ቁልቁል ከገፋ በኋላ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ የሚከፈተው ጋዙ ግፊቱን ሳይጨርስ ነው። ያ ትርፍ ግፊት እየተስፈነጠረ ሲወጣ እያንዳንዱ አንድ ተኩስ ነው። የአሜሪካኖቹ ቪ-8 በግራና በቀኝ ረድፉ እኩል እየተፈራረቀ አይተኩስም፤ አንዱ ወገን ተራውን ሳይጠብቅ ይደግማል፤ ያ ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚህ መዛነፍ ነው። የፌራሪ ቪ-8 ግን የሞተሩ ዘንግ በሌላ መንገድ ስለተሠራ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ እኩል ያፈራርቃል፤ ስለዚህ ይጮሃል እንጂ አያጉረመርምም። ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማው ላይ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው በሙቀትና በጭስ ይሄዳል። የኤሌክትሪኩ ከአሥር ስምንት እጁን ጎማው ላይ ያሳርፈዋል። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ለፉከራ የሚሆን ትርፍ ከየት ያመጣል?

ይህን ጉዳይ ወደ ኋላ ስከተለው (ከዚህ በታች ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንድ የሚገርም ሰው ላይ ደረስኩ። ሂራም ማክሲም በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራ ሰው ነው፤ ሲተኩስ ኖሮ በስተርጅናው ጆሮው ደንቁሯል። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በ1890ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቤንዚን የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለመሥራት ይታገል ነበር። ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ብስክሌት ያመርት የነበረው አልበርት ፖፕ ቀጠረው። ፖፕ ግን ጤነኛ ሰው ሥሩ እየፈነዳ ተቀምጦ ይሄዳል ብሎ አያምንም፤ ስለዚህ ልጅ ማክሲም በብዛት እንዲሠራ የተደረገው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር።

በፖፕ ለማሾፍ አይቸኮል። በ1899 ካሚል ዤናትዚ የተባለ ቤልጂጋዊ ፓሪስ አጠገብ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ያለፈው በኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ በመኪና ከዚያ በፊት ያን ያህል የሄደ የለም። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ፤ ቤንዚን የሚጠጡት 936 ብቻ። የሄንሪ ፎርድ ሚስት ክላራ እንኳ ባሏ ቤንዚን በሚጠጣው ሞዴል-ቲ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ እሷ የምትነዳው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር። ቤንዚን ያኔ ይሸት፣ ያጨስ፣ ይጮህ ነበር፤ ለማስነሣትም ማኖቬላ ማዞር ያስፈልጋል፤ ማኖቬላው ደግሞ ወደ ኋላ ከተመለሰ ክንድ ይሰብራል። በ1912 ቻርልስ ኬተሪንግ ካዲላክ ላይ የገጠመው ሞተሪኖ ይህን ችግር ፈታ። ሞተሪኖ ምንድን ነው? ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር። የኤሌክትሪክን መኪና ከገበያ ካስወጡት አንዱ ይኸው የራሱ ሥጋ ዘመድ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ቤተሰብ ውስጥ ያጋጥማል።

ልጅ ማክሲም የኋላ ኋላ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሠርቶ በ1909 በስሙ አስመዘገበ፤ ከዚያም ያንኑ ጥበብ ለሞተር ማርሚታ አዋለው። የመትረየስ አባት የወለደው ልጅ የኖረው ዓለምን ዝም ለማሰኘት ነው። እኔ ፍለጋዬን እዚህ ላቆም ነበር፤ ግን ከማርሚታው ጋር አብሮ ስለኖረ ሌላ ዕቃ አነበብኩ። ሾፌሩ በእግሩ ሲረግጠው ጭሱ ማርሚታውን ሳይነካ በአቋራጭ እንዲወጣ የሚያደርግ መክፈቻ ነበር። ሰበቡ ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው። ዳገቱ ላይ ሲረገጥ እሺ፤ የሰው በር ላይ ሲረገጥስ? ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በሕግ እስከ መከልከል ደረሱ። ልክ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የዞረው። መኪና ሁሉ ሲጮህ የሚጮህ መኪና የፈለገ አልነበረም። ጸጥታው በነጻ ሲመጣ ጫጫታው ዋጋ አወጣ። የሰፈሬ ቮልስ ዋገንና የጠበቃው ፌራሪ ሁለቱም ያው ከማርሚታ አምልጠው የሚጮሁ ነበሩ፤ ልዩነታቸው አንዱ ዝም ማለት እየቻለ መጮሁ ነው።

የእኔ ሚያታ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ወታደሮች እንግሊዝ አገር ያዩአትን ኤምጂ የምትባል ክፍት ባለ ሁለት ሰው መኪና ወደዷትና ወደ አገራቸው አስገቧት። ኤምጂና ጓደኞቿ ዘይት እያንጠባጠቡና መንገድ ላይ እየቆሙ ኖረው 1980 ላይ ተሰናበቱ ማለት ይቻላል። በ1979 ቦብ ሆል የተባለ ጃፓንኛ የሚችል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ የማዝዳውን ኬንኢቺ ያማሞቶን ሲያገኝ ያችኑ የእንግሊዝ መኪና ዓይነት ሥሩልን አለው። ጃፓኖቹ አሥር ዓመት ወሰደባቸውና በ1989 ቺካጎ ላይ ሚያታን አሳዩ። መኪናዋ አትንጠባጠብም፣ መንገድ ላይ አትቆምም። ድምፁ ግን እንዳይቀር ፈለጉ፤ መሐንዲሶቹ ቁጭ ብለው፣ የድሮዎቹን እንዲያስታውስ አድርገው፣ ማርሚታውን እንደ ክራር ቃኙት። እንግዲህ እኔ ያዲሳባው ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ናፈቀኝ የምለው ድምፅ፣ አሜሪካኖች ለእንግሊዝ መኪና ያላቸውን ናፍቆት ጃፓኖች የቀረጹበት ነው። ሦስተኛ እጅ ናፍቆት ነው የገዛሁት፤ መኪናውም ሁለተኛ እጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህማ ለመሸወድ የኤሌክትሪክ መኪና እስኪመጣም አልተጠበቀም። ሌክሰስ ኤልኤፍኤ የሚባለውን ውድ መኪና ሲሠራ ድምፁን የቀመሩለት የያማሃ ሰዎች ናቸው፤ ፒያኖና ጊታር ከሚሠራው ቤት። ቢኤምደብሊው ኤም-5ን 2011 ላይ ሲያድስ ጋቢናው ጸጥ አለበትና የሞተሩን ድምፅ በስፒከር ለሾፌሩ ያሰማ ጀመር። እውነተኛ ሞተር ያለው መኪና የራሱን ድምፅ በካሴት ሲሰማ! ታንከኛው ይህን ቢሰሙ፣ አዝማሪ ቀጥሮ የሚያስፎክር ፈሪ አይተው እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ጸጥታው የባሰ ሆነና ሕግ ገባበት። አሜሪካ ውስጥ ከ2021 ወዲህ ተሠርቶ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ሲሄድ እግረኛ የሚሰማው ድምፅ ማውጣት አለበት፤ ዓይነ ስውር እንዳይገጭ። ትክክል ነው፤ የእኔውም ጋራዥ ሲገባ ስውር ማኅበር ያለው ይመስል ያንጎራጉራል። ዶጅ ግን 2022 ላይ ባሳየው፣ ቻርጀር በተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ እስከ 126 ዴሲቤል የሚጮህ መሣሪያ ገጠመ፤ ይህ ለእግረኛ አይመስለኝም። ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ላይ የሌለ ማርሽ አለ፤ ትቀይራለህ፣ መኪናው ሞተሩን ለአፍታ ይቀንስና ነቅነቅ ያደርግሃል፤ መቀየሩን ከረሳህ ዙሩ ጣሪያ ላይ እንደደረሰ የቤንዚን ሞተር ይንተፋተፋል። ሊያሳዝነኝ ነው ብዬ ነበር የሞከርኩት። ሻጩ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ያለምንም ምክንያት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መለስኩት፤ ጥርሴን ማሳየቴን ያወቅኩት እሱ ሲስቅ ነው።

አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ይህ ሁሉ አይገባውም። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1908 ገደማ፣ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲድሌይ እየነዳ ሲመጣ ነው፤ በቤንዚን። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አዲስም ሆነ አሮጌ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። በመካከሉ ያለው ወደ 116 ዓመት ነው፤ የሚያታዬን ፈረስ ያህል። የእህቴ ልጅ ያለውን ጨማምሮ የቻይና ኤሌክትሪክ ገዛ። ባለፈው ስልክ ላይ ስለ ሞተር ድምፅ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«እንዴ ጋሼ፣ የማደያ ሰልፍም ይናፍቃል?» አለኝ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ሲጠፋማ ሁሉም ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ለሁሉም እኩል ነው።»

ምን ይባላል? እሱ ያደገው እኔ ባደግሁበት ሰፈር ነው፤ ቮልስ ዋገኑን ባይደርስበትም የሚኒባሱን ጭስ ጠጥቶ ነው ያደገው። ጸጥታ ለእሱ ገና ዕድገት ነው፤ ገና አልሰለቸውም። የሆነ ቀን ልጁ ድምፅ ያለው መኪና አምጣልኝ ሲለው ብሰማ ደስ ይለኛል፤ ለጊዜው ግን በክርክሩ የተረታሁት እኔ ነኝ።

እኔ ዘንድ ግን ጉዳዩ ክርክር ብቻ አይደለም። ሦስት ቤት አልፎ ያለው ጎረቤቴ አሮጌ ሙስታንግ አለው። ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ያስነሣዋል፤ ሞቅ እስኪል እዚያው ያቆመዋል፣ በየመሀሉም ይረግጠዋል። መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፣ ውሻ ይጮሃል፣ ባለቤቴ ትራሱን ጭንቅላቷ ላይ ትጭነዋለች። እኔ ከአልጋ ሳልወርድ ቪ-8 መሆኑን፣ ማርሚታውን መቀየሩን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበረውም ትንሽ ማነቁን አውቃለሁ። በቅርቡ አንዲት ጎረቤት ሰውየው እንዲከለከል ፊርማ እያሰባሰበች በራችንን አንኳኳች። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ፈርማ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። እኔም ፈረምኩ፤ እንቅልፌን እፈልገዋለሁ። ከፊርማዬ ሥር ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ቢያስነሣው ተቃውሞ የለኝም ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። ሴትየዋ አነበበችውና ባለቤቴን አየቻት።